ስፖንጄን ከፍሪጅ ያወጣው ማን ነው?

በእኛ ጊዜ ሹመት ያለ ቢራ አይጸናም ነበር፤ የእኔም ነገር የተበላሸው ጋሽ ተፈራ የባዮሎጂ ትምህርት ክፍላችን ኃላፊ ሆነው በተሾሙባት ዓርብ ነው። አዎ፣ እኚሁ የለቅሶው ድንኳን ምሰሶ ሥር ዓይናቸውን ጨፍነው የተቀመጡት። ይተኙ፣ ግድ የለም።

ታዲያ እኔ ያኔ የካንሰር መድኃኒት እፈልጋለሁ፤ የት? ባሕር ውስጥ! እዚሁ ቂርቆስ ተወልጄ፣ ዋና እንኳ የማልችል ሰውዬ። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ "በሳፋ ውኃ የምትሰምጥ ልጅ፣ ከባሕር ምን አለህ?" ትለኝ ነበር። እኔ ግን የባሕር ስፖንጅ ይዞኛል። እንስሳ ነው እኮ! ድንጋይ ላይ ተጣብቆ ይኖራል፣ መሸሽ አይችል፣ መንከስ አይችል፣ እና ጠላቱን የሚያባርረው በመርዙ ብቻ ነው...

"እንደ እርስዎ ነዋ፣ ጋሼ!"

ሳቂ፣ አንቺ ልጅ፣ ሳቂ። ያ መርዝ የካንሰር ሴል ቢያቆምስ? አልኩ። የጅቡቲ መስመር ሾፌር የሆነ ጎረቤቴ ከዓሣ አጥማጆች ለምኖ በበረዶ ሣጥን አመጣልኝ። ከላዩ ትንሽ ቆርጬ፣ የቀረውን ላቦራቶሪው ፍሪጅ ውስጥ አስገብቼ፣ የቆረጥኩትን ጨምቄ፣ ብልቃጥ ውስጥ ያሳደግኳቸው የካንሰር ሴሎች ላይ ጠብ አደረግኩ፣ እና ቆሙ! መባዛት አቆሙ፣ በቃ! ብቻዬን እየሳቅኩ በእግሬ ካዛንቺስ ደረስኩ፤ ሰው እብድ መስዬው መንገድ ይለቅልኛል።

ታዲያ ዓርብ ግብዣው ሆነ። ቢራው ደግሞ ቀዝቃዛ! "እንዲህ ያለ ቢራ ጠጥቼ አላውቅም፣ ኃላፊያችን ይባረኩ!" ብዬ ያስጨበጨብኩት እኔ ነኝ፣ እኔው! ሰኞ የላቦራቶሪውን ፍሪጅ ብከፍት የተረፈው ቢራ ተደርድሯል፤ ስፖንጄ ግን ውጭ፣ ክፍሉ ጥግ ላይ፣ ባልዲ ውስጥ ገምቷል።

ሮጬ ጋሽ ተፈራ ዘንድ ገባሁ። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ በዚያች በቀጭኗ ድምፃቸው፦

"አንዴ የታየ ውጤት አይባልም። ድገመውና ና።"

"በምኑ ልድገመው፣ ጋሼ?"

"እሱን አንተ ታውቃለህ።"

ሾፌሩን ብለምነው፣ "ወንድሜ፣ ዓሣ አጥማጆቹ ባለፈውም ስቀውብኛል" አለኝ። እና ጥናቱ ተዘጋ፤ እኔም ጡረታ እስክወጣ የእንቁራሪት ሆድ ዕቃ አስተማርኩ። መድኃኒት ይሁን መርዝ ብቻ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

ጋሽ ተፈራ! የዓይንዎ ሽፋን ይንቀጠቀጣል፤ የተኛ ሰው እንዲህ አያደርገውም። ቢራውን ጠጥቻለሁ፣ መርቄያለሁም፣ ቂሉ እኔ ነኝ። እርስዎ ግን ሰው ሁሉ እየሰማ ይመልሱልኝ፦ ያን ስፖንጅ ያወጣው ማን ነው?