እህቴ መጨረሻ ላይ ያለችው

የሟች ታናሽ እህቴን ልብስ ልቀበል ክሊኒክ ሄጄ፣ በሩ ላይ ከወንድሜ ልጅ ጋር ግንባር ለግንባር ተገጣጠምን። እዚያው ነው የምትሠራው። ነርሶቹ የጻፉትን የበሽተኛ ቃል በኮምፒውተር ሰብስባ፣ ማን ቶሎ ሐኪም ዘንድ ይቅረብ የሚለውን ትለያለች። ከቀብሩ ወዲህ ስትሸሸኝ ከርማለች። እኔም ከእህቴ ጋር አንድ ክፍል ስተኛ ከርሜ የእሷ ሳል ተጋብቶብኛል፤ ልደብቃት ብል እዚያው አጣደፈኝ።

«አክስቴ፣ ይግቡና ይመርመሩ።»

«እህቴን ለበላ ማሽን ደግሞ እኔ ልጨመርለት?»

አንገቷን ደፋች። አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጥን፤ የልብሱን ፌስታል ጭኔ ላይ አደረግሁት።

«ማሽኑ አይደለም፤ እኔ ነኝ» አለች። «ኮምፒውተሩ ውስጥ ለሁሉም ሰው ቃል እኩል ሳጥን ሠራሁ። እኩል ሲሆን ማሽኑ አስጊውን ቃል ፈልጎ ለማግኘት ይፈጥናል። የሳጥኑን ልክ የወሰድኩት መጀመሪያ ከመጡት በሽተኞች ነው፤ ‹ወገቤን› ብለው ዝም የሚሉ ነበሩ። ከሳጥኑ የተረፈውን ማሽኑ ቆርጦ ይጥላል። ቆረጥኩ እንኳ አይልም።»

«እህቴ ምን ብላ ነበር?»

«‹እንደምን ዋላችሁ፣ እኔስ ደህና ነኝ፣ ደረጃ ስወጣ ትንሽ ይደክመኛል።› እዚህ ላይ ተቆረጠ። የነርሷን ጽሑፍ ኋላ ሄጄ አየሁት። ቀጥላ ‹ስስል ደም አያለሁ› ብላለች። ማሽኑ ‹ደም› የሚል ቃል ሲፈልግ ከእሷ ሳጥን አላገኘም። ተራዋ ወደ ኋላ ቀረ፤ ሐኪም ሲያያት ጊዜው አልፎ ነበር።»

እህቴ እንዲያ ናት። ቤቷ ቢቃጠል እንኳ ደህንነትህን ሳትጠይቅ ውሃ አትለምንህም። ከባዱን ነገር መጨረሻ ላይ ማምጣት የሁላችንም አመል ነው፤ ልንወጣ በሩን ከያዝን በኋላ «ደግሞ» እንላለን።

«ይኼን ጉድ ጣዪው» አልኳት። «ነርሷ በጆሮዋ ትስማ።»

«ነርሷማ ሰምታለች። ግን የስንቱን ትሰማለች? ሲመሽ የማን ሕመም የማን እንደሆነ ይምታታባታል።»

«እንግዲያው ሳጥኑን አስፊዋ። ይኼም ትምህርት ይጠይቃል?»

«የሁሉን ባሰፋ፣ ‹ወገቤን› ያለው ሰው አዳራሽ ሙሉ ባዶ ይይዛል። ነገ ደግሞ ከእሷ የበለጠ የምትናገር ትመጣለች።»

«ከእሷ የምበልጠውስ እኔ ነኝ።»

ልትስቅ ስትል አየኋት፤ አልሆነላትም።

«አሁን ለውጬዋለሁ» አለች። «የእያንዳንዱ ቃል በራሱ ርዝመት ሌላ ቦታ ይቀመጣል። ሳጥኑ የሚይዘው ‹ቃሏ እዚያ ነው› የሚል ምልክት ብቻ ነው። አጭሩ ቦታ አያባክንም፣ ረጅሙም አይቆረጥም። ያልተጠየቀ ሰውም ‹አልተጠየቀም› ተብሎ ይያዛል እንጂ ደህና ነው ተብሎ አይታለፍም። ትንሽ ይዘገያል።»

«ይዘግያ። እሷንስ የበላት ችኮላ አይደል?»

እህቴን አይመልስልኝም። ልጅቷ ግን እውነቷን ነው። ፊደል ባልቆጥርም ልብስ ስሰፋ ኖሬአለሁ፤ ልብስ በሰው ልክ ይሰፋል እንጂ ሰው በልብስ ልክ አይቆረጥም። የሰው ቃል የምትሰበስቡ ሁሉ ይህን ያዙልኝ፤ ያልተቆረጠ ቃል በሽተኛን በጊዜ ሐኪም ዘንድ ያደርሳል።

ተነስቼ ገባሁ። ነርሷ ምን እንደሚያመኝ ጠየቀችኝ። እንደምን ዋልሽ አልኳት፣ ስለ ጉልበቴ ነገርኳት፣ ስለ እንቅልፌ ነገርኳት። የወንድሜ ልጅ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች።

«ጨረሱ እናቴ?» አለች ነርሷ።

ፌስታሉን ይዤ ተነሳሁ፤ በሩ ጋ ስደርስ ዞርኩ።

«ደግሞ» አልኳት፣ «ትናንት ስስል ደም አየሁ።»