ድምፁ እንዳይለወጥ

ከደዶ ወደ ጅማ በሚወስደን ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ አንድ ሽማግሌ በጨርቅ የተጠቀለለ አሮጌ የጊታር አምፕሊፋየር ታቅፈው ከሴት ልጃቸው ጋር ተቀምጠዋል።

"አባዬ፣ ባለፈው ሳምንት ጊታሩን እንደያዙ ዘርሮዎት ነበር እኮ።"

"ትንሽ ነዘረኝ እንጂ መች ዘረረኝ?"

"ወላሂ፣ እናቴ ጮሃ ጎረቤቱን ሰበሰበች!"

"እሷ ድሮም መጮህ ትወዳለች።"

"የጅማው ሠሪ በስልክ ያለንን ሰምተዋል። የመሬት ሽቦ የለውም፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ካፓሲተሮቹም አርጅተዋል። እነሱ ሳይስተካከሉ እንዳይሰካ ብሏል።"

"ድምፁ ይለወጣላ! ወጣት ሆኜ ባንድ ውስጥ የተጫወትኩት በዚህ ነው። እንዲህ ያለ በአምፖል የሚሠራ አምፕሊፋየር ዛሬ ከየት ይገኛል?"

"አምፖሎቹን ማን ነካብዎት? እነሱ ይቆያሉ።"

"ትንሽ እንኳ ቢለወጥ አውቀዋለሁ።"

"የእርስዎ ድምፅ ከሚጠፋ የሱ ይለወጥ! እምቢ ካሉ ሳሎን ይቀመጥና አበባ እናድርግበት።"

"አበባ?"

"አዎ፣ አበባ!"

ሽማግሌው የአምፕሊፋየሩን ጨርቅ አስተካከሉ።

"ቶሌ፣ እሺ፣ ይቀየር። ብቻ የድሮውን ድምፅ እንዳልረሳው ብዬ…"

"ብለው ምን?"

"ዛሬ ጠዋት አንቺ ስትለባብሺ አንዴ ሰካሁት።"

"ያ ረቢ! አባዬ!"

"አልነዘረኝም እኮ። የጎማ ቦቲ ጫማ አድርጌ ነበር።"

ሳቄ እንዳያመልጠኝ ከንፈሬን ነክሼ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።