የመጋረጃው ፍርድ

ሐዘናችንን ልትካፈሉ የመጣችሁ ቤተ ዘመዶች፣ ወዳጆችና የኦርኬስትራው ባልደረቦች፤ የሟች ባለቤት ታላቅ ወንድም በመሆኔ የእኒህን ሰው ዜና ሕይወት የማንበቡ አደራ በእኔ ላይ ወድቋል። ሟችን አሞግሶ መሸኘት የተለመደ ቢሆንም፣ እርሳቸው ግን ሳይጨመርበትና ሳይቀነስበት እንዲነበብ አጥብቀው አዝዘዋል።

የኦርኬስትራ መሪው ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው የተወለዱት ከስፌት ቤቱ በስተጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ሲሆን፣ ከታናሽ ወንድማቸው ጋር በአንድ አልጋ እየተኙ፣ አባታቸው ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴ የገዙላቸውን አንድ ትራምፔት እየተቀባበሉ ሲነፉ አድገዋል። ጎረቤት ሁሉ በጩኸቱ ሲማረር፣ ትንፋሹ ለታናሽየው፣ ጆሮው ለታላቅየው መሰጠቱን ቀድመው የለዩት እናታቸው ነበሩ።

በሙዚቃ ትምህርት ቤት ፒያኖ ተምረው፣ ወደ ውጭ አገር ተልከው የኦርኬስትራ አመራር አጥንተው ከተመለሱ በኋላ፣ በመምህርነትና በረዳት መሪነት አገልግለው በመጨረሻ ዋና መሪ ሆኑ። ከዚያ ሁሉ መሣሪያ መካከል የአንዲት ክር መላላት የማያመልጣቸው፣ ለልምምድ የዘገየን ተጫዋች በዓይናቸው ብቻ መሬት ውስጥ የሚያስገቡ ነበሩና፣ ተጫዋቾቹ “ሚዛን” ይሏቸው ነበር፤ ያልሰሙ መስለው ቢያልፉም፣ በስሙ ደስ ይላቸው እንደነበር እኛ የቤት ሰዎች እናውቃለን። ከኦርኬስትራው ቼሎ ተጫዋች ከእኅቴ ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶች ልጆች አፍርተዋል።

ኦርኬስትራው በዝምድና ተሞልቷል የሚለው ሐሜት በበዛ ጊዜ፣ ነባሩም አዲሱም ተጫዋች ከመጋረጃ ጀርባ ሆኖ እንዲፈተን፣ በኮቴው እንዳይታወቅም በካልሲ እንዲገባ፣ ተፈታኙን የለየ ዳኛ ደግሞ ወዲያው እንዲወጣ የሚያዝዘውን ደንብ የጻፉት እርሳቸው ነበሩ። ያኔ አንደኛ ትራምፔት ነፊ የነበሩት ታናሽ ወንድማቸውም በዚሁ ደንብ ገቡ። ገና ሳይነፉ፣ አየር ሲስቡ ብቻ፣ ከዳኞቹ አንዱ ሆነው የተቀመጡት ታላቅየው አወቋቸው፤ በአንድ አልጋ አብሮ ያደገ ሰው ያንን ትንፋሽ እንዴት ሳይለየው ይቀራል? ነገር ግን “ተነሥቼ ብወጣ ተፈታኙ ማን እንደሆነ ይታወቃል፣ ሌሎቹም ዳኞች ለእኔ ብለው ያሳልፉታል” ብለው ስለፈሩ፣ ከወንበራቸው ሳይነቃነቁ አዳመጡ። ለወንድሙ አዳላ እንዳይባሉም፣ ከዕለቱ ተፈታኞች ሁሉ ለላቀው አጨዋወት ከማለፊያው በታች ነጥብ ሰጡ። ወንድማቸው በዚያች ነጥብ ወደቁ፤ ውጤቱም በተጫዋቾቹ ሁሉ ፊት ተነበበ።

ከዚያ በኋላ ወንድማቸው ትራምፔት ወደ አፋቸው ሳያስጠጉ፣ የጎማ መጋዘን ጠባቂ ሆነው እስከ ጡረታ ኖሩ። እኅቴ እውነቱን ከባለቤቷ አንደበት በሰማች ጊዜ፣ ለረጅም ጊዜ ከልምምድ ጉዳይ በቀር ቃል አልተነፈሰችላቸውም። እርሳቸውም ወንድማቸው ቤት ሄደው አንኳኩተው፣ ያደረጉትን ነግረው ይቅርታ ሲጠይቁ፣ ወንድማቸው ከደጃፉ ቆመው፣ “በጆሮዬ ብትነግረኝ ምን ይፈይድልኛል? የጣልከኝ በሰው ፊት ነው፤ በሰው ፊት ተናገር” ብለው በሩን ዘጉ። እርሳቸው ግን ደንቡ ይናዳል፣ በደንቡ የተቀጠሩትም ይጠረጠራሉ እያሉ ዛሬን ለነገ ሲያሳድሩ ኖሩ። ይህ ሰበብ ነበር፤ የያዛቸው የስማቸው ፍቅር ነው።

በመጨረሻም ሰውነት የሚያንቀጠቅጥ የነርቭ ሕመም ያዛቸው። እጃቸውን ሲያነሡ አዳራሹ ጸጥ ይልላቸው የነበሩት ሰው፣ ማንኪያ ወደ አፋቸው ማድረስ ተስኗቸው በልጆቻቸው እጅ ሲጎርሱ ቆዩ። ምላሳቸው ጨርሶ ሳይተሳሰርም አስጠርተውኝ፣ በባልደረቦቻቸው ፊት እንዲነገር ያዘዙኝ ይህንን ነው፤ “ወንድሜ ፈተናውን አልወደቀም፤ እያወቅሁ የጣልኩት እኔ ነኝ።” በሕይወት ሳሉ በገዛ አፋቸው ቢናገሩት ምን ነበረበት እያልኩ እናደድባቸዋለሁ፤ አለቅስላቸዋለሁም።

ከባለቤታቸው፣ ከሁለት ልጆቻቸው፣ ከአንዲት የልጅ ልጃቸውና ከታናሽ ወንድማቸው በሞት ተለይተዋል። ወንድማቸው እንዲመጡ ሰው ልከንባቸው አልመጡም፤ ማንም እንዳይቀየማቸው። ፈጣሪ የሟችን ነፍስ በምሕረቱ ይቀበል፤ ለቀሪዎቹም መጽናናትን ይስጥ። ያን ዕለት ውጤቱ ሲነበብ የነበራችሁ ግን፣ ከዚህ ስትመለሱ በወንድማቸው ቤት በኩል እለፉና የሰማችሁትን ንገሯቸው።