ለአጭሩ ምሰሶ የተላከ ሽማግሌ

(ስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ገና በመሠራት ላይ ባለ ድልድይ ሥር። ማንያዘዋል የድልድዩ አማካሪ መሐንዲስ ነው፤ አቶ ገብረየስ የሚስቱ አባት፣ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር፣ ለሽምግልና ተልከው መጥተዋል።)

ገብረየስ፦ እሺ ሳትለኝ አልቀመጥም አልኩህ። ሽማግሌ ቆሞ ነው የሚለምነው።

ማንያዘዋል፦ አባባ፣ ጉልበትዎን ያውቁታል። እዚች የሲሚንቶ ከረጢት ላይ እንኳ አረፍ ይበሉ።

ገብረየስ፦ ጉልበቴን ተወው፤ ዕድሜ ልኩን ፍሬን ሲረግጥ ያለቀ ጉልበት ነው። ስማኝ፤ ሸዋንግዛው ተቋራጭ ብቻ አይደለም፣ የዕድራችን ዳኛ ነው። «ነገ ጠዋት የምሰሶውን መሠረት ኮንክሪት ልሙላ ብል አማችህ አልፈርምም አለኝ» ብሎ ደጄ ድረስ መጣ። ምን ልበለው?

ማንያዘዋል፦ «አማቼ ደደብ ነው» ይበሉት። ውሸታም አይባሉም።

ገብረየስ፦ እኔ ልጄን ለደደብ አልዳርኩም።

ማንያዘዋል፦ እሱን አብረን እናያለን። ይኼ ድልድይ አምስት ምሰሶ አለው። አራቱ ገደሉ ውስጥ ስለሆኑ ረዣዥም ናቸው። አምስተኛውን ልንቆፍር ስንል ገና ከላይ ዓለት አገኘን። «ተገላገልን፣ መሠረቱ እዚሁ ይረፍ» ተባለ። ማን አለ? እኔ። ሠራተኛው አጨበጨበ። ጭብጨባውን ማን ጀመረው? እኔው። ለአጭር ምሰሶ ያጨበጨበ አጭር ሰው።

ገብረየስ፦ ዓለት ላይ መመሥረት ታዲያ ምን ነውር አለው?

ማንያዘዋል፦ ለብቻው ለቆመ ቤት ምንም። ረዣዥም ወንድሞች ላሉት ምሰሶ ግን… አውቶቡሱ ላይ ድንገት ፍሬን ሲይዙ የቆመው ተሳፋሪ ምን ይሆን ነበር?

ገብረየስ፦ ይሰድበኛል።

ማንያዘዋል፦ ከስድቡ በፊት።

ገብረየስ፦ ይወዛወዛላ።

ማንያዘዋል፦ አምስት ሰዎች ክንድ ለክንድ ተያይዘው ቆመዋል እንበል። አራቱ እንደ ልብ ይወዛወዛሉ፣ አንዱ ድርቅ ብሏል። ፍሬን ሲያዝስ?

ገብረየስ፦ አራቱም እሱ ላይ ይወድቁበታል። ጎኑን ነው የሚሰብሩት። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል።

ማንያዘዋል፦ ይኸው ነው። ምድር ስትንቀጠቀጥ ረዣዥሞቹ እጥፍ ዘርጋ ይላሉ፤ አጭሩ አይችልም፣ የሁሉም ጫና እሱ ላይ ያርፋል። እሱ ከተሰበረ ደግሞ የተሸከመው መንገድ አብሮት ይወርዳል።

ገብረየስ፦ መንቀጥቀጡስ እዚህ አገር ብርቅ አይደለም። ባለፈው ጊዜ ቁም ሳጥኔ ራሱን ከፍቶ ልብሴን ሁሉ ዘረገፈው።

ማንያዘዋል፦ እኔም የዚያን ዕለት ጠረጴዛ ሥር ተወሽቄ ነው ትዝ ያለኝ። ተምሬዋለሁ እኮ፣ ፈተናውንም ደህና አድርጌ አልፌዋለሁ። ግን ጭብጨባ ሲሰማ ትምህርት ይጠፋል።

ገብረየስ፦ መላ የለውም?

ማንያዘዋል፦ አለው። ዓለቱን ፈልፍለን መሠረቱን ዝቅ ማድረግ፤ ምሰሶውን ማስረዘምና፣ መወዛወዝ እንዲችል ዙሪያውን ባዶ መተው። ግን ክረምቱ ሳይወጣ አያልቅም።

ገብረየስ፦ ያ ማለት ማዶ ያለው ሰው ሌላ ክረምት ሕመምተኛውን በገመድ ሊያሻግር ነው። «ወንዙ ሳይሞላ ምሰሶው ይቆማል» ተብሎ ተነግሮታል፣ ተስፋ አድርጓል።

ማንያዘዋል፦ አውቃለሁ። እሱ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ቢሆንም ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ገብረየስ፦ ተረቱን ለእኔ ተውልኝ፤ የሽማግሌ ድርሻ ነው። ደግሞስ ከተማው ምን ይልሃል? ትናንት አጨብጭቦ ዛሬ ቆፍሩ አለ አይሉም?

ማንያዘዋል፦ ይላሉ። እኔም ለራሴ ብያለሁ፣ ከነሱ ሳላሳምር አልቀርም። አባባ፣ እግርዎ እየተንቀጠቀጠ ነው።

ገብረየስ፦ ይንቀጥቀጥ። ሽማግሌ አቁመህ ከመለስክ ማታ ለሚስትህ ምን ትላታለህ? «አባትሽን በፀሐይ አድርቄ ላክሁት» ልትል ነው?

ማንያዘዋል፦ እሱንስ አልችልም። ዓይኗን ማየት አልችልም። ምድሪቱም ማን ያውቃል፣ በእኛ ዘመን ትታገሥ ይሆናል። በቃ፣ እስክሪብቶውን ያቀብሉኝ።

ገብረየስ፦ ልትፈርም?

ማንያዘዋል፦ የሚስቴን አባት አዋርጄ ከምመልስ ይሻላል።

ገብረየስ፦ እኔን ፈርተህ?

ማንያዘዋል፦ እርስዎን አክብሬ። የምድር መንቀጥቀጥ የሚችል ድልድይ ልሥራ እላለሁ፤ ራሴ ግን ይኸው አንድ ሽማግሌ ቢቆምብኝ ተደረመስኩ።

ገብረየስ፦ ቆይ፣ እስክሪብቶውን አትንካ። ያን ሁሉ ዘመን አንድ ሰው ሳልገጭ ከመሪ ወርጄ፣ ዛሬ ቆሜ በመለመን አውቶቡስ ሙሉ ሰው ገደል ልጨምር? ስልክህን ወዲህ በል።

ማንያዘዋል፦ ለማን ሊደውሉ ነው?

ገብረየስ፦ ሃሎ፣ ሸዋንግዛው? ገብረየስ ነኝ። አማቼማ እሺ ብሎኝ ነበር፤ እንቢ ያልኩት እኔ ነኝ።