ለቅሶ የማይችል ራስ

«ሾፌር፣ እባክህ ዘፈኑን ቀንስልኝ!» አለች፣ ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጠችው፣ ግንባሯን በሻሽ አጥብቃ ያሰረች ሴት።

«ራስ ፍልጠት ነው፣ ልጄ?» አሏት አጠገቧ ያሉት፣ የገበያ ዘንቢል ያቀፉ እናት።

«አዎ እማማ፣ ሐኪሞቹ ማይግሬን ይሉታል። ባለፈው ለቅሶ ላይ ጮኼ፣ ሲያስታውከኝ አደረ።»

«አሁንስ ወዴት ነሽ?»

«ለቅሶ፣ እዚህ ቀጥሎ ያለው መንደር። የባሌ እናት አርፈው። ዝም ካልኩ ትጠላቸው ነበር ይሉኛል።»

«ትወጃቸው ነበር?»

«እንደ እናቴ።»

«ዳማ ከሴ አሽትተሻል?»

«ያልሞከርኩት የለም። የሚያሻለኝ ጨለማና ጸጥታ ብቻ ነው።»

«ለቅሶ ቤት ጸጥታ ከየት ይመጣል! በይ ስማቸውን ንገሪኝ።»

«ለምን?»

«እኔ አለቅስልሻለሁ፤ አንቺ ትከሻዬ ላይ ተደግፈሽ ዓይንሽን ጨፍኚ። ድምፄ ለሁለት ይበቃል።»

«እርስዎ ገበያ አይደል እንዴ የሚሄዱት?»

«ይቆየኛ! ሾፌር፣ ወራጅ አለ!»

ሁለቱ ተያይዘው ከወረዱ በኋላ፣ ባዶ ወንበራቸው ላይ ማንም ባይቀመጥ እያልኩ ፍኖተ ሰላም ደረስኩ።