ሰንበት የሚያከብረው ጣራ

ከቂርያት ማላኪ ወደ ያቭነ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጠች ሴት አጠገቧ ላለው መንገደኛ ታወራለች።

«ገደራ ቤታችን ጣራ ላይ ሶላር ከነባትሪው አስገጠምን። የመብራት ሒሳብ ሲመጣ መደንገጥ ቀረ።»

«ታዲያ ምን ያሳስብሻል?»

«አባቴ ናቸዋ! ዓርብ ዓርብ በመሰላል ወጥተው ሶላሩን በአንሶላ ይሸፍኑታል።»

«ምነው?»

«‹በሰንበት ሥራ የለም፤ እሱም ይረፍ› ይላሉ።»

«ሰንበትን በጨለማ ልታሳልፉ?»

«ኧረ፣ ዓርብ የሞላው ባትሪ ያደርሰናል! ድሮ በሰንበት ማዝጋን፣ የቤቱ አየር ማቀዝቀዣ፣ አይከፈትም ብለው በሙቀት ያልቁ ነበር። አሁን ግን ‹ይኼ እንደ መናው ዓርብ የተሰበሰበ ነው› ብለው፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ያስከፍቱና ቀዝቀዝ ብሏቸው ይተኛሉ።»

«ቤሰደር፣ እሺ ይሁን፤ ከመሰላሉ ቢወድቁስ?»

«ይተዉ እያልኩ ሰለቸኝ። አሁን መሰላሉን እኔው እይዝላቸዋለሁ።»

«አንሶላውን ነፋስ ቢገልጠውስ?»

«ባለፈው ሰንበት ገልጦት ነበር። ቀና ብለው አዩትና፣ ‹እኔ ሸፍኛለሁ፤ የገለጠው እግዜር ነው› አሉ።»

ያቭነ ወርጄ ቤቴ እስክደርስ ድረስ፣ ዓይኔ ከጣራ ጣራ አንሶላ ሲፈልግ ነበር።