የዘሃራ ቤት የተዘጋ ጊዜ

በኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ መርሳ ላይ ምግብ ቤት የራሱ ስም አልነበረውም፣ የሴትዮዋ ስም ነበር ስሙ። ሰው ከአውቶብስ ሲወርድ "የት እንብላ?" ካለ "ፋጤ ቤት"፣ "ዘሃራ ቤት" ይባላል፣ አለቀ። እንደዛሬው ባነር የሚሰቅል የለም። ሐያት፣ አንች ደግሞ ያን ስልክ አስቀምጭና ስሚኝ! ለናንተ ለሦስታችሁ እኮ ነው የማወራው።

ያን ከአስፋልቱ ማዶ ያለውን ቤት አያችሁት? እዚች በሬ ላይ ተቀምጨ ስንቱን ተቀብየ ስንቱን ሸኘሁ! አንዱ ፀጉረ ጨብራራ ከወልድያ መጣና በርገር ብሎ ከፈተ፣ ፊኛ ነፋ፣ ድምጽ ማጉያውን በኔ በኩል ደቀነ፣ ሦስት ቀን ጆሮየን ሲያደነቁረኝ ሰነበተና ክረምቱ ሳይወጣ ዘጋ። ታዲያ እሱ ሲወጣ ጭማቂ ቤት ገባ፣ ጭማቂውም መብራት በጠፋ ቁጥር ፓፓያው እየተበላሸበት ሄደ። እና ከዚያ ሁለት ወንድማማቾች ክትፎ ብለው ገቡ፣ ደንበኛ ፊት ተሰዳደቡ፣ እነሱም ሄዱ። ባነሩ ሁሉ የት እንደሚገባ ታውቃላችሁ? ገበያ ስትሄዱ ቀና ብላችሁ እዩ፣ የቲማቲም ሻጮቹ ጥላ ሆኗል፣ በርገሩም ክትፎውም እዚያ ላይ ነው። አሁን ደግሞ ሌላ ሊከፈት ነው መሰል፣ ቀለም እየቀቡ ነው።

እነሱን ግን ማንም አላስወጣቸው፣ ራሳቸው ገብተው ራሳቸው ወጡ። እኔ የምላችሁ ከነሱ ሁሉ በፊት እዚያ ቤት ስለነበረችው፣ ስለ ባለቤቲቱ ስለ ዘሃራ ነው።

ዘሃራ ባሏ ሲሞትባት የፊት ለፊቱን ክፍል ምግብ ቤት አደረገችው። ቅቅሏ! ያላህ፣ ቅቅሏ! የሲሪንቃ እርሻ ምርምር ሠራተኞች ለምሳ እስከዚህ ይመጡላት ነበር፣ ሹፌሮቹ ውርጌሳን ረግጠው አልፈው ነው እሷ ዘንድ የሚቆሙት፣ ጁምዓ ከሰላት በኋላማ መቀመጫ የለም። ታዲያ ሰኞና ሐሙስ ትጾማለች፣ ሳይውጡ መቅመስ ይቻላል ቢሏትም ልቧ አይቀበለውም። እኔ ደግሞ ስኳር አለብኝ፣ ሐኪም ጾም ከልክሎኛል። እና ረፋዱ ላይ ጭልፋዋን ይዛ አስፋልቱን ትሻገራለች፣ መኪናው ጥሩንባውን ይነፋባታል፣ እሷ ግድም የላት።

"ሰይዳ! እስቲ ጨው በቃው?"

"ትንሽ ቀርቶታል።"

"አጣጥመሽ ቅመሽ እንጅ፣ ኋላ ሰው እንዳይስቅብኝ!"

"በምኑ ላጣጥመው? መረቅ ብቻ ይዘሽልኝ መጥተሽ፣ ሥጋው የት አለ?"

"ቀማሽ ነሽ ወይስ ደንበኛ?" ትላለች፣ ትስቃለች። የወለድኳቸው ልጆቼ እንደሆኑ አንዷ ጅዳ፣ አንዱ አዲስ አበባ። ሰው ሁሉ እማ ሰይዳ፣ እማማ፣ ይለኛል፣ እሰየው፣ ሸጋ ነው። ሰይዳ ብላ በስሜ የምትጠራኝ ግን እሷ ብቻ ነበረች።

ታዲያ አንድ ቀን፣ የፋሲካ ማግስት ነው፣ እንደልማዴ በሬ ላይ ነኝ። እዚሁ ጎረቤታችን የሚኖረው አስተማሪ፣ ክርስቲያን ነው፣ ሚስቱ አራስ ናት፣ ከቅርጫ የደረሰውን ሥጋ በባልዲ ይዞ፣ ዝንብ ተከትሎት፣ ወዲህ አየ ወዲያ አየ፣ በዘሃራ የጓሮ በር ገባ። ትንሽ ቆይቶ ወጣ። ባዶ እጁን! እኔ ይህን አይቼ እንዴት ዝም ልበል? ከድጃ፣ ሽንኩርት ሻጯ፣ እዚህ አጠገቤ ነበረች።

"ከድጃ፣ አየሽልኝ?"

"ምኑን?"

"የአስተማሪው ሥጋ ዘሃራ ጓዳ ገባ።"

"አንች! ምን ሊሆን?"

"እኔ እንጃ። ባዶ እጁን ሲወጣ ነው ያየሁት።"

ወላሂ ከዚህ በላይ አላልኩም። ሐራም ታበላለች አላልኩም። ያየሁትን ነው ያልኩት። በጁምዓው ግን የባጃጅ ሹፌሩ እዚሁ በሬ ላይ ቆሞ "እማ ሰይዳ፣ ዘሃራ የክርስቲያን ሥጋ ቀላቅላ ታበላለች የሚባለውን ሰምተዋል?" አለኝ። እኔ ምን አልኩት? "ኧረ አልሰማሁም፣ ማን አለ?" አልኩት። አያችሁልኝ? የገዛ ወሬየን እንደ አዲስ ሰማሁት።

እና ሹፌሮቹ ማለፍ ጀመሩ። ወንበሩ ባዶ ሆነ። ዘሃራ ግራ ገባት፣ ሸኹን ጠርታ አበላች፣ ሸኹም በሉላት፣ ሰው ግን "እሳቸው ምን ያውቃሉ፣ የቀረበላቸውን በሉ" አለ። በዚያው ሰሞን እኔ የአስተማሪውን ሚስት፣ አራሷን፣ ልጠይቅ ገባሁ። ገንፎ አቀረቡልኝ፣ አራሷ ሕፃኑን እያጠባች "እግዚአብሔር ይስጣት ዘሃራን" አለችኝ። "ቆጣሪያችን ተቃጥሎ ሥጋው ሊበላሽብን ሲል ከመኝታ ቤቷ ያለውን የራሷን ፍሪጅ ሰጠችን። ባልዲውን ክዳኑን አስረን አስቀመጥነው፣ ቁልፉንም 'ያዥው' ብላ ለኔ ላከችልኝ።" ገንፎውን ሳልጨርስ ተነሣሁ።

ወጥቼ መናገር ነበረብኝ። መንገድ ላይ ቆሜ "ተሳስቻለሁ፣ ጎረቤት ለጎረቤት ያደረገችው ነው" ብል ያበቃ ነበር። ግን እንደሱ ካልኩ ያወራሁት እኔ መሆኔ ሊታወቅ ነው። ዛሬ እናገራለሁ፣ ነገ እናገራለሁ ስል፣ ዘሃራ ድስቷን አጠበች፣ ወንበሯን ደረበች፣ ቤቱን አከራየች። ወልድያ ልትሄድ ነጠላዋን ለብሳ ልትሰናበተኝ ተሻገረች።

"ሰይዳ፣ ከበርሽ ላይ የማታይው የለም። ማን ነው እንዲህ ያለብኝ?"

"እኔ ምን አውቄ፣ እህቴ።"

"ምንም አልሰማሽም?"

"ምንም።"

አየችኝ። ቆማ አየችኝ። "ይሁን" አለች፣ ጉንጨን ሳመችኝ፣ ሚኒባሱ ላይ ወጣች።

ይሄው ከዚያ ወዲህ ነው እንግዲህ ፊኛውም በርገሩም የመጣው። የሚከፍቱት ልጆች "ማዘር ሰላም ነሽ?" ብለውኝ ያልፋሉ፣ መልሴን ቆሞ የሚሰማ የለም። እና ዘንድሮ ረመዳን ሲቃረብ፣ ሰው አፉ የሚባባልበት፣ ይቅር የሚባባልበት ጊዜ አይደል፣ እኔም ሚኒባስ ይዤ ወልድያ ሄድኩ። መናኸሪያው አጠገብ የሰው ምግብ ቤት ተቀጥራ ትሠራለች ብለውኝ ነበር፣ ጠይቄ ጠይቄ አገኘሁት። አስተናጋጇ ጠራችልኝ፣ ዘሃራ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ወጣች። ከስታለች።

"ዘሃራ፣ ያን ወሬ ያወራሁት እኔ ነኝ" አልኳት። ሰላምታም ሳልሰጥ።

ከውስጥ "ሁለት ቅቅል!" ብለው ጮሁ። "እሽ!" አለች። ከዚያ ወደኔ ዞረች።

"አውቅ ነበር። ከድጃ ያኔውኑ ነግራኛለች።"

"ታዲያ ምነው ያን ለት የማታውቂ መስለሽ ጠየቅሽኝ?"

"እንድትነግሪኝ ነዋ። ብትነግሪኝ አልሄድም ነበር። ሰዉ ሁሉ ቢቀርብኝ አንች ትቀሪኛለሽ ብየ ነበር።"

"አፉ በይኝ፣ ዘሃራ።"

"አፉ ብየሻለሁ። ከልቤ ነው፣ አብሽሪ። መርሳ ግን አልመለስም" ብላኝ ወደ ድስቷ ገባች። እኔ ያንን ሁሉ መንገድ መስኮቱን ይዤ ተመለስኩ፣ ሲሪንቃ ያለፍነውም ትዝ አይለኝም።

አፉ ተብያለሁ፣ አልሐምዱሊላህ። ቀኑ ግን ያው አይመሽልኝም። ታዲያ ለናንተ ለምን ነገርኳችሁ? ወሬ አማረኝ ብየ አይደለም። ዘሃራ ሐራም አላበላችም። ይህን አውሩልኝ። በየደረሳችሁበት አውሩልኝ፣ የኔንም ስም ጨምራችሁ አውሩት።

ሐያት ጓደኞቿን አየቻቸው።

"እማ ሰይዳ፣ ማን ሊሰማን ብለው ነው?" አለችኝ። "ሐሜት ቢሆንማ እስከ ዙህር ሰላት ውርጌሳ ይደርስልዎ ነበር።"

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ።